የጎንደር እንጨት፦ የአንድ አናጺ የጉዞ ማስታወሻ

ጎንደርን ያየ ሰው ሁሉ ስለ ድንጋዩ ያወራል። እኔ የእንጨት ሰው ነኝ። ኮልፌ አጠና ተራ አካባቢ በር፣ መስኮትና አልጋ የምንሠራበት ወርክሾፕ አለን፤ ከአባቴ የወረስነው ነው። ስለዚህ ሰው ቤት ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ኮርኒሱ ነው፣ ከዚያ ወደ መቃኑ። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ወደ ጎንደር የሄድነው የግንቡንና የአብያተ ክርስቲያናቱን እንጨት ለማየት ነው። ያንን ታሪክ ተሸክሞ የቆየው ድንጋይ ብቻ ነው ብዬ አምኜ አላውቅም።

ሰኞ፦ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር

ባሕር ዳር አድረን በጠዋት ሚኒባስ ያዝን። መንገዱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አስፋልቱም ደህና ነው። አዲስ ዘመንን ካለፍን በኋላ ግን አጠና የጫነ አይሱዙ ፊታችን ገባና ዳገቱን ሁሉ በእርምጃ አስኬደን። እንጨቱ ከመኪናው ጭራ ሁለት ሜትር ወጥቷል። ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። ሾፌራችን ቢያጉረመርምም እኔ አልከፋኝም፤ ጭነቱን ስቆጥር ቆየሁ። ቀጫጭኑ ለማገር፣ ወፍራሙ ለቋሚ። ግማሹ ገና እርጥብ ነው።

ከዚያ እስከ ማክሰኝት ግራ ቀኙ ባሕር ዛፍ ነው። ገበሬው እርሻው ዳር ላይ ይተክለዋል፣ በጥቂት ዓመት ይቆርጠዋል፣ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። እንደ ባንክ ሒሳብ ነው፤ ልጅ ሲዳር፣ ቤት ሲሠራ፣ ሰው ሲታመም ወጪ ይደረጋል። ይህ ዛፍ ኢትዮጵያ የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። አፄ ፋሲል ጎንደርን ሲቆረቁሩ፣ በ1630ዎቹ ማለት ነው፣ በአገሩ አንድም ባሕር ዛፍ አልነበረም። እንግዲህ የያኔ አናጺዎች እጅ የገባው ጥድ፣ ወይራ፣ ዋንዛና ዝግባ ነው። ይህንን ለወንድሜ ስነግረው “ታዲያ ያ ሁሉ ጥድ የት ገባ?” አለኝ። ጥያቄው ሳምንቱን ሙሉ አብሮን ዞረ።

ያረፍነው አውቶፓርኮ ሰፈር፣ የጓደኛዬ እናት ቤት ነው። ሆቴል ልንይዝ ነው ብንላቸው ተቆጡ። “እኔ እያለሁ? ኧረ ግቡ ልጆቼ፣ በሞቴ!” አሉ። እትዬ እያልን ነው የምንጠራቸው። ከጥምቀት የተረፈ ጠላ ነበር፣ ዶሮም ለእኛ ተብሎ ተሠርቷል። የጎንደር ዶሮ ወጥ ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው፤ ሽንኩርቱ ጨርሶ ይጠፋል። አዲስ አበባ እንዲህ የሚታገስ ሰው እያነሰ ነው።

ወደ ማታ ፒያሳ ወጣን። ባጃጅ በሰው 10 ብር። አደባባዩ ላይ የአፄ ቴዎድሮስ ሐውልት ቆሟል፣ ወጣቶች ከሥሩ ፎቶ ይነሳሉ። ቋራ ተወልደው፣ በ1855 እ.ኤ.አ. ደረስጌ ማርያም ዘውድ የጫኑት ንጉሥ እዚህ መቆማቸው ደስ ይላል። ዙሪያውን ጣሊያን በአምስቱ ዓመት የሠራቸው ሕንፃዎች አሉ፤ ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማ ቤቱ። እኔን ያስቆመኝ ግን ጃንተከል ዋርካ ነው። አዋጅ ይነገርበት፣ ሕዝብ ይሰበሰብበት የነበረ ዛፍ ነው። ሐውልቱ ተሠርቶ የቆመ ነው፣ ዋርካው ግን በቅሎ ነው ሐውልት የሆነው። ከሥሩ አንዲት ልጅ ቡና ታፈላለች፣ ስኒው 15 ብር። ሁለት ሁለት ጠጣን።

ማክሰኞ፦ ፋሲል ግቢ

ግቢው ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አጥሩ ብቻ 900 ሜትር ይረዝማል። አስጎብኚያችን ወጣት ነው፣ ታሪኩን እንደ ውኃ ያፈሰዋል፦ አፄ ፋሲል፣ ልጃቸው ጻድቁ ዮሐንስና ቤተ መጻሕፍታቸው፣ የልጅ ልጃቸው ኢያሱ፣ ዳዊት፣ በካፋ፣ እቴጌ ምንትዋብ። እያንዳንዱ ንጉሥ ካባቱ ቤት አጠገብ የራሱን ሠራ። አራት ግንብ ካሳየን በኋላ ግን እኔ መስኮት ላይ እንደቀረሁ አስተዋለ።

የፋሲል ግንብ መስኮቶች ከላይ በቀይ ድንጋይ ቅስት ተደርጎላቸዋል። ሁሉም ፎቶ የሚያነሳው ይህንን ነው። ከቅስቱ ሥር የተኛውን ጉበን፣ ከመስኮቱ አናት የተጋደመውን እንጨት፣ ግን የሚያይ የለም። ጠጋ ብዬ አየሁት። አልተላገም፤ በመጥረቢያ ነው የተስተካከለው። የመጥረቢያው ምት አንድ በአንድ ይታያል፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቧል፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ። የሠራው ሰው ቀኝ እጁን የሚጠቀም እንደነበረ መናገር ይቻላል። አንድ ቦታ ላይ ጉጥ አጋጥሞት ዞሮ ከሌላ በኩል መጥቷል። ቀለሙ ከጊዜ ብዛት አመድ መስሏል፣ ስንጥቁ ውስጥ ግን አሁንም ቀላ ይላል። ጥድ ነው። ያን ያህል ዘመን የዘለቀ እንጨት ላይ ምስጥ የነካው ቦታ ፈልጌ አጣሁ።

ወንድሜ የወለሉን ወራጆች፣ ወለሉን የተሸከሙትን አግዳሚ እንጨቶች፣ ቆጠረ። እኛ ዛሬ ቀጭን የተሰነጠቀ እንጨት፣ አራት በአምስት ሞራሌ፣ በምናስቀምጥበት ቦታ እነሱ ሙሉ ግንድ ነው ያስተኙት። ደግሞም አቀማመጡ በዘፈቀደ አይደለም፤ ወፍራሙ ጫፍ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ይዞራል፣ ወለሉ ወደ አንድ ወገን እንዳያዘነብል። አባቴ ያስተማረኝ ዘዴ ነው። ጎንደር ላይ አገኘሁት።

የኢያሱ ቤተ መንግሥት ግን ያሳዝናል። ውስጡ በዝሆን ጥርስና በመስታወት ያጌጠ ነበር ይባላል። በ1704 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፣ በ1941 ደግሞ እንግሊዞች ጣሊያንን ሊያስወጡ ሲደበድቡ ቦምብ አገኘው። አሁን ግድግዳው ቆሟል፣ ላዩ ሰማይ ነው። ጣሊያን በጊዜው ግቢውን ሲጠግን ሲሚንቶ ተጠቅሟል። የድሮዎቹ ግንበኞች የሠሩት በኖራ ነው። ኖራ ይተነፍሳል፣ እርጥበቱን ያወጣል። ሲሚንቶ ያፍነዋል፣ እርጥበቱም ሄዶ ሄዶ የእንጨቱ ጫፍ ላይ ያርፋል። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ የወራጅ ጫፍ አንዴ ከበሰበሰ ከውጭ አይታይም። ይህንን የምለው እኔም በሙያዬ ብዙ ቤት አፍርሼ ስላየሁት ነው።

ቲኬቱን አትጣሉት፤ ለመዋኛው ግቢም ያገለግላል።

ረቡዕ፦ የፋሲል መዋኛና ቁስቋም

ከፒያሳ ወደ መዋኛው ቁልቁል በእግር ሄድን። ጥምቀት ስላለፈ ውኃው ገና አልወረደም፣ አረንጓዴ ሆኗል። ውኃው ከቀሃ ወንዝ ነው የሚሳበው። በአጥሩ ላይ የበቀሉት ትላልቅ ዛፎች ሥራቸውን ድንጋዩ ላይ አፍስሰውታል። አንዱን ሥር በእጄ ለካሁት፣ ከክንዴ ይወፍራል፣ ሁለት ድንጋይ መሐል ገብቶ አንዱን ገፍቶታል። ዛፉን ብትቆርጠው ግንቡ ይፈርሳል፣ ብትተወው ቀስ ብሎ ይከፍተዋል። የሚጠብቁት ሰዎች ሥራ ቀላል አይደለም።

ቀልቤን የሳበው ግን ሌላ ነገር ነው። ሠራተኞች የበዓሉን የእንጨት ርብራብ እያፈረሱ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የጥምቀት ዕለት እዚሁ ግቢ ለተመልካች የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል፣ ከ100 በላይ ቆስለዋል። ዜናውን የሰማሁ ዕለት ወርክሾፕ ውስጥ ሥራ አቁሜ ተቀምጬ ነበር። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ይጣመማል፣ ምስማሩ በገባበት በኩል ይሰነጠቃል። ዛሬ ጠንክሮ የያዘ ምስማር ከሳምንት በኋላ ሊላላ ይችላል። ሰው የሚቀመጥበት ነገር በምስማር ብቻ አይሠራም፤ ብሎን ይፈልጋል፣ አግድም ብቻ ሳይሆን ሰያፍ ማጠንከሪያ ይፈልጋል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስንት ሰው እንደሚወጣበት የሚወስንና ሌላውን የሚከለክል ሰው ይፈልጋል። በ2019 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የመዘገበው በዓል ነው። እንጨቱም ያንን ያህል ሊታሰብበት ይገባል።

ከሚያፈርሱት አንዱ ሽበት የጀመረ አናጺ ነው። ሙያችን አንድ መሆኑን ስነግረው ሥራውን ትቶ ወሬ ጀመረ። ቀጭኑ አጠና 120 ብር፣ ወፍራሙ 300 ደርሷል አለኝ። “ኮልፌ ስንት ገባ?” ብሎ ጠየቀ። ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ምሳ አብረን በላን፣ የጾም ቀን ነውና ተጋቢኖ፣ 90 ብር። ልክፈል ብል “እንግዳ ሆነህማ አትከፍልም” አለና እጄን ያዘው።

ከሰዓት ቁስቋም ወጣን። ባጃጁ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ጋለና ወርደን ገፋነው፣ የመጨረሻዋን አንድ ኪሎ ሜትር ደግሞ በእግር። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ቤተ መንግሥትና ደብር ነው። ቤተ ክርስቲያኑን በ1888 እ.ኤ.አ. ከሱዳን የመጣው የደርቡሽ ጦር አቃጥሎታል፣ አሁን ያለው ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። የእቴጌይቱ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አፅም በመስታወት ሳጥን ተቀምጧል። የግብር ቤቱ ጣሪያ የለውም። ግድግዳው ላይ የወራጆቹ ቀዳዳዎች በረድፍ ይታያሉ፣ ባዶ ናቸው፣ እርግብ ገብቶባቸዋል። እያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ሙሉ ግንድ ነው። ወንድሜ እስከ 30 ቆጥሮ ተወው።

ሐሙስ፦ ጎርጎራ

በአዘዞ፣ በቆላ ድባ፣ በጯሂት አድርጎ ጎርጎራ ይደረሳል። ከ60 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። በሰው 120 ብር ከፈልን። ጯሂት ሳንደርስ ጎማ ተኛ። ተቀያሪው ሲወርድ እሱም ነፍስ የለውም። ረዳቱ ጎማውን በሌላ መኪና ጭኖ ሄደ፣ እኛ ሜዳው ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። አንዲት እናት ከቤታቸው ዳቦና ኮረፌ አወጡልን። ኮረፌ ወፈር ያለ የገብስ ጠላ ነው፤ እያጠጡ እንደገና ይቀዳሉ፣ እምቢ ማለት አይቻልም።

ቁጭ ብዬ የደንቢያን ሜዳ አየሁ። ጤፉ ታጭዷል፣ መሬቱ ጥቁርና ስንጥቅጥቅ ነው። እስከ አድማስ ዛፍ የለም ማለት ይቻላል፣ ከባሕር ዛፍ መስመር በቀር። ግን እዚህም እዚያም ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር አረንጓዴ ክምር ይታያል። እናትየዋን “ያ ምንድን ነው?” አልኳቸው። “ጊዮርጊስ ነው። ያኛው ደግሞ ሚካኤል።” ዛፍ የቀረው ታቦት ባለበት ብቻ ነው። ወንድሜ ጥያቄውን አልደገመውም።

ጎርጎራ ስንደርስ ፀሐይ አናታችን ላይ ነበረች። ደብረ ሲና ማርያም ጣና ዳር፣ በትልልቅ ዛፎች ተከባ ትገኛለች። ክብ ናት፣ ክዳኗ ሣር ነው። የመቅደሱ ግድግዳ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በተሣሉ ሥዕሎች ተሸፍኗል፤ ያሠራችው የአፄ ፋሲል እህት መለኮታዊት እንደሆነች ይነገራል። ቁልፉ የተያዘው በአንድ አባት እጅ ነው፣ እሳቸው ደግሞ ተዝካር ሄደዋል። ልጅ ተላከ። ለመጠበቅ ምንም አልቸገረንም፤ ቅጥሩ ውስጥ ያለው ጥላ እንደ ሌላ አገር ቀዝቃዛ ነው።

አባ መጡና በረከት ተቀብለን ገባን። እሳቸው ሥዕሉን ያስረዳሉ፣ እኔ በሩን እዳስሳለሁ። ስፋቱ ሁለት እጅ ከግማሽ የሚሆን፣ ከአንድ ግንድ የወጣ የሚመስል ሳንቃ ነው። ማጠፊያው ብረት አይደለም፤ ከራሱ ከሳንቃው ላይና ታች ተጠርቦ የወጣ ሹል አለ፣ ጉበኑና መድረኩ ውስጥ ባለ ጉድጓድ ይዞራል። ገፋ አደረግሁት። አልጮኸም። “አባ፣ ምን ይቀቡታል?” አልኩ። “ምንም። የሰው እጅ ነው ያለሰለሰው” አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የጣና ቆሮሶ ተጠብሶ በላን፣ ለሁለት 250 ብር። እንዲህ ትኩስ ዓሣ አዲስ አበባ በምንም ብር አይገኝም። በኮረብታው ላይ ያለውን የጣሊያን ሐውልት ከሩቅ አየነው። የሱስንዮስን ማርያም ግንብ ለማየት ጀልባ ያስፈልጋል፣ ጎማው ጊዜያችንን በልቶታልና ሳናየው ቀረን። ይቆጨኛል።

ዓርብ፦ ደብረ ብርሃን ሥላሴ

በጠዋት፣ ከቅዳሴ በኋላ ደረስን። ቅጥሩ ሙሉ ጥድ ነው። አሥራ ሁለት ክብ ማማ በአጥሩ ላይ አለ፣ የሐዋርያት ምሳሌ ነው ይላሉ፤ በሩ ደግሞ የይሁዳ አንበሳ። ደብሩን አፄ ኢያሱ በ1690ዎቹ እ.ኤ.አ. አቋቋሙት። የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን ክብ ነበር፣ በ1707 መብረቅ አቃጠለው። አሁን ያለው አራት ማዕዘን ነው። ደርቡሽ በ1888 የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያነድ ይህ ተረፈ፤ የንብ መንጋ ወጥቶ አባረራቸው ይላሉ አባቶች።

ጫማችንን አውልቀን ገባን። ኮርኒሱን ብዙ ፎቶ ላይ አይቼዋለሁ። ፎቶው አይበቃውም። ክንፍ ያላቸው የኪሩቤል ፊቶች በረድፍ በረድፍ፣ በወራጆቹ መሐል ተደርድረዋል። ቀና ብዬ አንዱን ረድፍ ብቻ ለማየት ወሰንኩ። የመጀመሪያው ወደ ግራ ያያል። ሁለተኛው ወደ ግራ፣ ግን ዝቅ ብሎ። ሦስተኛው ቀጥ ብሎ እኔን። የአንዱ ቅንድብ ከፍ ብሏል፣ የሌላው ከንፈር ጠበብ ብሏል። አንዱንም ሠዓሊው ከሌላው አልገለበጠውም። ጣውላውም እንደዚሁ አንድ ዓይነት ስፋት የለውም፤ ሰፊው ላይ ፊቱ ይሰፋል፣ ጠባቡ ላይ ክንፉ ይሰበሰባል። አናጺው የሰጠውን ሠዓሊው ተቀብሎ ነው የሣለው። አናጺው ጣውላ ላለማባከን እንዳለ ሠነጠቀው፣ ሠዓሊው ደግሞ ያንን ወደ መልክ ቀየረው። አንገቴ እስኪደነዝዝ አየሁ።

የግድግዳው ሥዕል ጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ ነው። ፍላሽ ክልክል ነው፣ ልክ ነው።

ለቄሱ የሙያዬን ነገርኳቸው። “አባ፣ አንዱ ወራጅ ቢበሰብስ በምን ትተኩታላችሁ?” አልኩ። ወደ ውጭ፣ ወደ ጥዶቹ አሳዩኝ። “እነዚህንማ ማን ይቆርጣል?” አልኩ። “እኛ አንቆርጥም። እግዚአብሔር ይጠብቀው” አሉ። እኔም አሜን አልኩ፤ ግን ጥድ ለወራጅ ለመድረስ የሰው ዕድሜ ይፈልጋል። በባሕር ዛፍ ብንተካው ይጣመማል፣ ሲጣመምም ሥዕሉን ይዞ ይሄዳል። ዛሬ ለቅርስ ጥገና ተብሎ የሚተከል ጥድና ዋንዛ ከሌለ፣ የልጅ ልጆቻችን እዚህ ኮርኒስ ሥር ብሎኬትና ኤምዲኤፍ፣ ከተፈጨ እንጨት የሚጨፈለቀውን ሰሌዳ፣ ይዘው ይቆማሉ። ይህንን ለአስጎብኚዎች ተናገርኩ፣ ለእትዬም ተናገርኩ፣ እዚህም እጽፈዋለሁ። ጎንደር ለግንቡ ግንበኛ እንደምታፈላልግ ሁሉ ለእንጨቱ ችግኝ ያስፈልጋታል።

ቅዳሜ፦ ወለቃና ገበያ

ጠዋት ወለቃ ደረስን። ቤተ እስራኤላውያኑ ወደ እስራኤል ከሄዱ ወዲህ የሸክላ ሥራው በአካባቢው ሴቶች እጅ ቀጥሏል። ትንሽ ቆይተን አንድ ጀበና ገዛን።

የቅዳሜ ገበያ ግን ሌላ ነው። አጠና፣ ማገር፣ ሙቀጫ፣ ገበታ፣ በርጩማ፣ ሁሉም በየተራው። አንድ አያ ከዋንዛ የተጠረበ በርጩማ ይዘው ተቀምጠዋል። ሦስት እግር፣ ሁሉም ከአንድ ጉማጅ የወጣ፣ ያለ ምስማር፣ ያለ ኮላ። 700 አሉኝ። 400 አልኩ። “አንተ የእንጨት ሰው አይደለህም እንዴ? ቀኑን አትቆጥርም?” አሉኝ። ቀኑን ቆጠርኩ። 650 ሰጠኋቸው። ዋንዛውን ከየት እንዳመጡት ስጠይቅ ከራሳቸው እርሻ ዳር እንደሆነ ነገሩኝ፤ አባታቸው የተከሉት ነው፣ እሳቸውም ሁለት ተክለዋል፣ አንዱን ፍየል በላው።

ልትሄዱ ካሰባችሁ፦ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በጠዋት ግቡ፣ ብርሃኑ ጥሩ ነው፣ ሰውም አይበዛም። ለጎርጎራ ሙሉ ቀን መድቡ፣ ተቀያሪ ጎማውንም ሳትሳፈሩ እዩ። ደብረ ሲና ከመድረሳችሁ በፊት ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ከተማው ላይ ጠይቁ። ቁስቋም ላይ ለሚያስገባችሁ ሰው ዝርዝር ብር ያዙ። ፋሲል ግንብ ስትገቡ ደግሞ በሁለተኛው ፎቅ መስኮቶች ላይ ጉበኑን ዳስሱት፤ በመዳፍ ሲነኩት የመጥረቢያው ምት ይታወቃል።